ልቦለድ ለምትጽፉ፦ ሰባት ወር ስለያዝኳት አጀንዳ

ሐዋሳ ፒያሳ ካለ አንድ የጽህፈት መሳሪያ ሱቅ በ480 ብር ነው የገዛኋት። ጥቁር ጠንካራ ሽፋን፣ ባለ ላስቲክ፣ 200 ገጽ፣ ውስጧ ደሞ ቀን አልታተመባትም። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ምክንያቱም እዛ ሱቅ የነበሩት ሌሎቹ በሙሉ ከጃንዋሪ ጀምረው በፈረንጅ ቀን የታተሙ ናቸው፣ የኔ ታሪክ ደሞ የሚሄደው በ1966 እና በ67 ዓ.ም ነው፣ ታዲያ ጳጉሜን የት ላስገባት?

ልቦለዱን ራሱን ላፕቶፕ ላይ ነው የምጽፈው፣ አጀንዳዋ ማን መቼ የት ነበር ለሚለው ብቻ ናት። መጀመሪያ ስልኬ ላይ ነበር የምይዘው ግን አንድ ነገር ልፈልግ ስገባ መልእክት ይመጣና ሐሳቤ ይበተናል፣ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ማየትም አይመችም። እዚህ ግን ግራ ገጽ ላይ አገር ውስጥ የሆነውን፣ ቀኝ ገጽ ላይ በኔ ሰዎች ቤት የሆነውን እጽፋለሁ።

አንዱን ገጽ ላሳያችሁ። ግራ፦ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የገጠር መሬት አዋጅ። ቀኝ፦ አጎትየው መሬቱ ሊወሰድ ነው፣ መጋቢት 18 ዘመድ ተሰብስቦ ዶሮ ታርዶ ከወንድሙ ጋር ይታረቃል። ይሄን ምዕራፍ ጽፌ ጨርሼ በጣም ወድጄው ነበር። እናቴ ቡና እያፈላች ገጹን ሳነብላት ዝም ብላ ሰማችና "ያኔ ፋሲካ መቼ ነበር?" አለችኝ። ቁጭ ብዬ ሳሰላው የ67 ፋሲካ ሚያዝያ 26 ነው፣ ጾሙ የገባው ደሞ መጋቢት 1። "ታዲያ በሁዳዴ ማን ዶሮ ያርዳል ልጄ?" አለች። እውነቷን ነው፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ጿሚ ናቸው፣ ምዕራፍ 2 ላይ እኔው ራሴ ጽፌዋለሁ! ግብዣውን ወደ ኋላ መልሼ የካቲት 30 እሁድ አደረግኩት፣ የቅበላ ቀን። ከአዋጁ ገና አምስት ቀኑ ስለሆነ አጎትየው ንዴቱ አልበረደለትም፣ ጠቡ እዛው ማዕድ ላይ ተነሳ፣ ምዕራፉ ከበፊቱ አስር እጥፍ ተሻለ። ላፕቶፕ ላይ ብቻ ቢሆን ሁለቱን ቀን አንድ ላይ አላያቸውም ነበር።

የመጨረሻዎቹን አስር ገጾች ለቃላት ነው የተውኳቸው። ጠዋት ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር ጥላ ስር ቁጭ ብዬ ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ የሰማሁትን እዛ እይዛለሁ። ለምሳሌ የኔ ሰዎች "አዋሳ" ነው የሚሉት እንጂ "ሐዋሳ" አይሉም፣ መንገዱ ላይ ደሞ ጋሪ እንጂ ባጃጅ የለም።

ጉድለቷን ልንገራችሁ። ገጾቿ ቁጥር የላቸውም፣ ሁሉንም በእጄ ነው የቆጠርኩት፣ ካልቆጠራችሁ ደሞ ፊት ላይ ማውጫ መስራት አትችሉም፣ ማውጫ ከሌለ ያቺን የአጎትየውን ገጽ ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ታገላብጣላችሁ። ጄል እስክሪብቶ ወደ ጀርባው ያሳልፋል፣ ተራ ቢክ ግን ምንም አይልም። ያናደደኝ ጥራዙ ነው፣ አምስተኛው ወር ላይ ክሩ ላልቶ የምዕራፍ 9 ገጾች ተነቅለው ወጡ፣ ሱቁ ወስጄ ባሳየውም አንቀይርም አሉኝ፣ በማስቲሽ ለጥፌ ነው የቀጠልኩት። የሰባት ወር ልፋት የያዘ ነገር እንዲህ ሲለቅ በጣም ያሳዝናል።

ያም ሆኖ ለሁለተኛው ረቂቅ ያችኑ ዓይነት ደግሜ ገዛሁ፣ ከሌላ ሱቅ። አሁን ግን ብሩን ከመክፈሌ በፊት መሃሏን ከፍቼ ክሩ እስከ ታች መሰፋቱን አየሁ፣ ሦስት አገላብጬ አራተኛዋን ነው የወሰድኩት፣ እናንተም እንደዛ አድርጉ።