የመጀመሪያ ተች ስልኬን ስገዛ ለታገሠኝ የመገናኛው ልጅ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ይህን የምጽፍላችሁ ከገዛሁት ሦስት ሳምንት በሆነው ስልኬ ነው፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ። ምስጋናዬ መገናኛ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጠባብ የስልክ ሱቅ ላለው ወጣት ነው። ስሜን አደባባይ አታውጪብኝ ስላለኝ አልጠራውም።

ጡረታ የወጣሁ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። እስከ ዘንድሮ የያዝኩት ባለ ቁልፍ ስልክ ነበር። ልጄ ዱባይ ከሄደች ሁለት ዓመት ተኩል ሆናት፤ ፊቷን የማየው እሑድ እሑድ ጎረቤቴ ቤት ሄጄ በእሷ ስልክ ነበር። ጎረቤቴ እንግዳ ከመጣባት ሳምንቱ ሳላያት ያልፋል። የስልክ መግዣውን ልጄ ከላከችልኝ ቆይታለች፤ የያዘኝ ፍርሃት ነው። መጀመሪያ የገባሁበት ሌላ ሱቅ ሻጩ የ32 ሺህ ብር ስልክ አውጥቶ "ይሄ ነው የሚሆንዎት" አለኝ፤ ምን እንደምሠራበት እንኳ አልጠየቀኝም። እንዴት ነው የሚደወልበት ስለው ከእጄ ወስዶ ቶሎ ቶሎ ነካካውና "አዩ፣ ቀላል ነው" አለ። ምንም አላየሁም። ወጥቼ ሄድኩ።

የመገናኛው ልጅ ወንበር ሰጠኝ፤ ቀጥሎ "እናቴ፣ ከማን ጋር ሊያወሩበት ነው?" አለኝ። ዱባይ ስለው "እዚያ በዋትስአፕ መልእክትና ፎቶ ይላላካሉ እንጂ መደወል አይሠራም፤ በምን እንደምትደውል እሷኑ እንጠይቃት" ብሎ ከራሱ ስልክ ድምፅ ላከላት። ቦቲም በሚባል የመደወያ መተግበሪያ ነው አለች። ይህን ባያውቅ ኖሮ ቤቴ ገብቼ እምቢ ሲለኝ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብዬ መሳቢያ ውስጥ እከተው ነበር።

የያዝኩት 15 ሺህ ብር ነበር። ካወረዳቸው ሦስት ስልኮች ውድ የሆነውን ራሱ መለሰው፤ ዋጋው የካሜራው ነው፣ ለእርስዎ አያስፈልግም ብሎ። የወሰድኩት ስክሪኑ ሰፊ የሆነ፣ ባትሪው 5000 የሚል ቴክኖ ነው። ከመክፈሌ በፊት ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል አስነካኝና ስክሪኑ ላይ የወጣውን ባለ 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር አብረን አስተያየነው። ደረሰኙ ላይም ያንኑ ጻፈልኝ። ቋንቋውን አማርኛ አደረግነው፣ ጽሑፉንም አጎላነው።

አደረግነው የምለው እጄ ስለሠራው ነው። ስልኩን አንዴ እጄ ላይ ካስቀመጠ በኋላ መልሶ አልወሰደብኝም። ስሳሳት እንኳ እጁን ኪሱ ከትቶ "ይመለሱና እንደገና ይንኩት" ይለኛል እንጂ አይነካውም። 33 ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምሬአለሁ፤ የልጅ እጅ ይዞ "ሀ"ን ከማጻፍ፣ ራሱ እስኪጽፍ ቆሞ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ይህ ወጣት ያን ትዕግሥት አለው፤ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀው።

ደብተር ገዝቼ ሄጄ ስለነበር እያንዳንዱን ነገር በራሴ ቃል እንድጽፈው አደረገኝ። ፓኬጅ ሳልገዛ ዳታ እንዳላበራ፣ ካርዴን እንደሚበላው። ሥዕል ያለው ጥሪ ከድምፁ ይልቅ ፓኬጁን ቶሎ እንደሚጨርሰው። ቴሌብርን ሌላ ቀን እንጨምረዋለን አለና አንዱን ግን በትልቁ አስጻፈኝ፦ ሽልማት ደርሶዎታል ብሎ ለሚደውል፣ ከቴሌ ነኝ ቢልም እንኳ፣ የሚስጥር ቁጥርም ሆነ በመልእክት የመጣ ኮድ እንዳልነግር። በአራተኛው ቀን እንዲህ ያለ ሰው ደወለልኝ፤ ደብተሬን አይቼ ዘጋሁበት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ለጥያቄ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ሳንቲም አልተቀበለኝም። ስልኩን በገዛሁበት ቀን ማታ ከልጄ ጋር ያወራሁትን ለራሴ ላስቀረው፤ ፀጉሯን መቆረጧን ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

እናት አባታችሁን፣ አክስታችሁን ስልክ ልታስይዙ ካሰባችሁ እሱ ጋ ውሰዷቸው። አድራሻውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እነግራለሁ። ሊፍት የለውም፤ ጉልበት ለሚያማቸው ደረጃው ይከብዳል። ከምሳ በኋላ ከሄዳችሁ ሰው አይበዛበትም። ደብተርና እስክሪብቶ አትርሱ።