የከብት ሜትሬ፦ አንድ ገጹ ለበሬ፣ አንድ ገጹ ለአሳማ

ኮምቦልቻ ከሚገኝ አንድ የእንስሳት መድኃኒት ቤት በ850 ብር ነው የገዛሁት። የከብቱን ደረት ዙሪያውን ሲለኩበት ኪሎውን የሚናገር ሜትር ነው። ክብ የፕላስቲክ ቤት አለው፤ መሃሉን ሲጫኑት ተጠቅልሎ ይገባል። ርዝመቱ 2 ሜትር ተኩል ነው። በአንዱ ገጽ ላም ተስላለች፣ በሌላው አሳማ። እናቴ አሳማውን ገና ስታየው "ይሄን ከቤት አውጪልኝ!" አለች። ስዕሉ ላይ ፕላስተር ለጥፌበት ነው የታረቅነው።

የምኖረው ደሴ ነው፣ ሥራዬም የቢሮ ነው። በሬዎቹ ያሉት ግን ኮምቦልቻ፣ ወንድሜ ግቢ ውስጥ ነው። ሦስት ሦስት እያደረግን እናደልባለን። ባቲ ሰኞ ገበያ ወርደን እንገዛለን። ከዚያ ሦስት ወር ፋጉሎና ፍሩሽካ፣ ሲገኝም ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣውን የገብስ ተረፈ አብልተን ለበዓል እንሸጣለን። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የሀረጎን ዳገት ወርጄ አያቸዋለሁ። እስካሁን ሚዛናችን የወንድሜ ዓይን ነበር። "ሥጋ ይዟል" ይላል፣ ወይም "ገና ነው" ይላል። የፋጉሎ ዋጋ እንዲህ ሰማይ ሲነካ በዓይን ብቻ መሄድ ከበደኝ።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነበር። ሜትሩን ሻኛው ላይ አሳልፌ ለካሁ። ከፊት እግሮቹ ኋላ፣ ሻኛው ካለቀበት ጀርባ መሆን ነበረበት። በትክክለኛው ቦታ ስደግመው 12 ሴንቲ ሜትር ቀነሰ። ባለ ሱቁ ይህን አልነገረኝም። "ለሁሉም ከብት ይሠራል" ብቻ ነው ያለኝ። ሜትሩ ላይ የተሳለችውን ላም ልብ ብዬ ብመለከት ኖሮ ያኔውኑ እጠረጥር ነበር። ሻኛ የላትም! ጀርባዋ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ፣ የፈረንጅ ላም ናት።

ሌላም አለ። ለክቼ ስጨርስ ቁልፉን ተጫንኩት። ሜትሩ ፉጭ ብሎ ሲጠቀለል በሬው ደንብሮ ወንድሜን ከነገመዱ እስከ አጥሩ ጎተተው። አሁን ከበሬው ራቅ ብዬ ነው የምጠቀልለው። ብቻዬንም አልለካም። አንድ ሰው ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ አራቱም እግሮቹ እኩል መቆም አለባቸው። አንገቱን ደፍቶ ከሆነ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ጠዋት፣ ውሃ ሳይጠጣና ሳይበላ መለካትም ደግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ኪሎውን በትክክል ይናገራል ወይ? የኛን በሬዎች በተመለከተ አይናገርም።

ያለፈው ዙር በሬዎች ሊሸጡ ሲሉ ጠዋት ለካኋቸው። ሜትሩ 312፣ 298 እና 334 አለ። ሲደመር 944 ኪሎ። በዚያው ቀን አይሱዙ ላይ ጫንናቸውና በመንገዳችን የመኪና ሚዛን ላይ ወጣን። መኪናው ባዶውን ሲመለስም ተመዘነ። ልዩነቱ 820 ኪሎ ሆነ። የመኪና ሚዛን ጥቂት ኪሎ ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል፣ እሺ። 124 ኪሎ ግን ወዲህ ወዲያ አይባልም። በአንድ በሬ ከ40 ኪሎ በላይ ነው። በኪሎ ተስማምቼ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር።

ተናድጄ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ለሚማረው የወንድሜ ልጅ ደወልኩ። ሳቀብኝ። "አክስቴ፣ ሜትሩ ምን ያድርግ? ቁጥሩ የወጣው ከሌላ ከብት ነው" አለኝ። ያን ሰሞን እስያ ውስጥ እንደ ከብት ስለሚረባው የውሃ ጎሽ የክፍል ሥራ ነበረበት። ቅዳሜ መጥቶ ሻይ ይዘን አስረዳኝ። እኔም ከበሬዬ ይልቅ ጎሹ ያዘኝ።

እስያ ውስጥ የየአካባቢውን ነባር የውሃ ጎሽ የሚያጠኑ ሰዎች ሥራቸው የኔው ዓይነት ነው ለካ። ሜትር ይዘው መንደር ለመንደር ይዞራሉ። የትከሻ ቁመት፣ የአካል ርዝመት፣ የደረት ዙሪያ፣ የቀንድና የጆሮ ርዝመት፣ የቆዳ ቀለም እያሉ ይመዘግባሉ። ዕድሜውን ካላወቁ እንደ ባቲ ደላላ ጥርሱን ያያሉ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትም በ2012 እ.ኤ.አ. ለዚህ አለካክ መመሪያ አውጥቷል። ከዚያ ደም ወይም ፀጉር ይወስዱና ዘረመሉን ይመረምራሉ።

ሁለተኛው ሥራ ለምን አስፈለገ? ሜትር መጠንን እንጂ ዘርን ስለማይናገር ነው። የውሃ ጎሽ ሁለት ወገን ነው። የወንዝ የሚባለው የህንድና የፓኪስታን የወተት ጎሽ ነው፤ ግብፆች የሚያልቡትም ከዚሁ ነው። የረግረግ የሚባለው በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሩዝ ማሳ የሚያርሰው ነው። የዚህኛው ቀንድ እንደ ጨረቃ ወደ ጎን ይዘረጋል፣ አንገቱ ሥርም ነጭ መስመር አለው። ልዩነታቸው ግን መልክ ብቻ አይደለም። የወንዙ 50 ክሮሞዞም (ዘረመሉን የሚሸከሙት ክሮች) አለው፣ የረግረጉ 48። ሲዳቀሉ 49 ያለው ጥጃ ይወለዳል፣ መልኩን አይቶ መመስከር ደግሞ ያስቸግራል። የኛ የጫካው ጎሽ 52 አለው፣ ጭራሽ ሌላ ወገን ነው፤ ተገርቶም አያውቅም። ላም 60 አላት።

ይህን ስሰማ ባቲ ላይ "የራያ ሰንጋ ነው፣ ቀንዱን እይው" ተብሎ ዋጋ የተጨመረብኝ በሬ ትዝ አለኝ። የወንድሜ ልጅ "ቀንድ ፍንጭ ነው እንጂ መታወቂያ አይደለም" አለ። ብሩ እንደሆነ ከእጄ ወጥቷል።

ለኪሎው ግን አንድ መላ ሰጠኝ። ከደረት ዙሪያ ሌላ የአካሉን ርዝመት ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ መለካት ነው። ዙሪያውን በራሱ፣ ከዚያ በርዝመቱ ታባዢና ለ10,840 ታካፍያለሽ። ሜትሩ 312 ኪሎ ያለው በሬ ዙሪያው 155፣ ርዝመቱ 122 ሴንቲ ሜትር ነበር። በስልኬ ስመታው 270 ኪሎ መጣ። የመኪና ሚዛኑ 820 ለሦስት ሲካፈል 273 ነው። ይህም ቀመር የመጣው ከውጭ ነው፣ ለወሎ በሬ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ቢሆንም ከሜትሩ ቁጥር በብዙ ይሻላል።

ታዲያ 850 ብሬን ጣልኩት? አልጣልኩትም። በ15 ቀን አንዴ እለካለሁ፣ ኪሎውን ትቼ ሴንቲ ሜትሩን ብቻ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የአሁኑ ዙር አንደኛው በሬ በሁለት ወር ከ152 ወደ 159 ገባ። ሌላው 154 ላይ ቆሞ ቀረ። ወንድሜ ያንኑ የቆመውን "ሥጋ ይዟል" ሲል ነበር። የትል መድኃኒት ሰጠነው፣ አሁን መጨመር ጀምሯል። ለዚህ ለዚህ ሜትሩ አሪፍ ነው። ለሚገዛ ሰው ግን ኪሎ ላይ እንዳትታለሉ እላለሁ።

ገበያ ይዛችሁት ከሄዳችሁ ደግሞ ለሳቅ ተዘጋጁ። አንዱ ደላላ "እታለም፣ ሱሪ ልትሰፊለት ነው?" ብሎኛል።

ጥራቱ ደህና ነው። አይለጠጥም፣ እበት ሲነካውም በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል። ቅሬታዬ ቀለሙ ላይ ነው። ከ150 እስከ 160 ያሉት ቁጥሮች መልቀቅ ጀምረዋል፣ የኔ በሬዎች ደግሞ ሁሉም እዚያው መካከል ናቸው። በእስክሪብቶ እየደገምኩ ነው የምጠቀመው።