ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ቅድመ አያት ተብሎ ተሸጠልን

ከአሜሪካዊ ጋር የተጋባችሁ፣ ወይም ልጃችሁ «የዘር ሐረግህን ሠርተህ ና» ተብሎ ከትምህርት ቤት የመጣባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ካርዳችሁን እንዳታወጡ። እኔ 1,260 ዶላር ተበልቻለሁ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

የባለቤቴ አባት ባለፈው ዓመት 75 ዓመት ሞላቸው። ሜሪላንድ ተወልደው ሜሪላንድ ያረጁ ሰው ናቸው። ቤተሰቡ ከእንግሊዝ የመጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው ይባላል። የመጀመሪያው ሰው በ1758 ባልቲሞር አጠገብ መሬት የገዛበት ውል አለ። ከዚያ ወደ ኋላ ጨለማ ነው። ከየትኛው መንደር መጣ? አባቱስ ማን ነው? አይታወቅም። እኔ ሰባት ቤት በቃሌ እየቆጠርኩ ያደግኩ ሰው ነኝና ነገሩ አንጀቴን በላው። ለልደታቸው ይህን ላበርክትላቸው ብዬ ተነሳሁ።

ኢንተርኔት ላይ አንድ ድርጅት አገኘሁ። ስሙን ትቼዋለሁ፤ እንዲህ የሚሠራው እሱ ብቻ አይደለም። ዋጋው 1,400 ዶላር ነው፣ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ በሚላክበት የስልክ መተግበሪያ) ከከፈልሽ አሥር በመቶ ይቀነስልሻል ተባልኩ። ላክሁ። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ካርቶን መጣ። ውስጡ የቆዳ ሽፋን ያለው መጽሐፍ፣ ወርቅማ ፍሬም ውስጥ የገባ የቤተሰብ ዓርማ፣ የመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝር፣ ከእንግሊዙ ዴቨን አውራጃ የመጣ የጥምቀት መዝገብ ቅጂ አለበት። አማቴ መጽሐፉን ገልጠው አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ኬክ ተቆረሰ።

ነገሩ የተበላሸው እዚያው ግብዣ ላይ ነው። የአማቴ ጓደኛ የሆኑ፣ ከቤተ መጻሕፍት ሥራ ጡረታ የወጡ ሴት መጽሐፉን አገላበጡና «ይህ የተሳፋሪ ዝርዝር ከየት መጣ?» አሉኝ። ወረቀቱ ሰውየው በ1749 ተሳፈረ ይላል። አሜሪካ የሚገቡ መንገደኞችን ስም መመዝገብ ግዴታ የሆነው ግን በ1819 በወጣ ሕግ ነው፤ ዝርዝሮቹም የሚጀምሩት ከ1820 ነው። እንግሊዝም ብትሆን ሕዝቤ እየለቀቀኝ ነው ብላ ሰግታ ተሰዳጆችን በየወደቡ በሰፊው ያስመዘገበችው ከ1773 መጨረሻ እስከ 1776 ነው። ከዚያ በፊት ያለው ብጥስጣሽ ነው። የአንዱ መርከብ ይተርፋል፣ የሌላው የለም። የእኛ ወረቀት ደግሞ ከየትኛው ቤተ መዛግብት፣ ከስንተኛው ፋይል እንደወጣ አይናገርም። በኮምፒውተር ተጽፎ፣ ያረጀ እንዲመስል ቡናማ የተደረገ ነው።

የሚገርመው፣ ትኬቱን ከፍሎ የሄደው ሰው ወረቀት የለውም፤ ዳኛ የፈረደበት ግን ፋይል አለው። ከ1718 እስከ አሜሪካ አብዮት ድረስ ከብሪታንያና ከአየርላንድ ወደ 50,000 የሚጠጉ ፍርደኞች ወደ አሜሪካ ተግዘዋል። አብዛኞቹ የተራገፉት ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ነው። የለንደኑ ኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት የችሎት ዘገባ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባል። «አያቴ ሌባ ነበር» ለማለት የማያፍር ሰው «ከመኳንንት ዘር ነኝ» ከሚለው የተሻለ ማስረጃ ያገኛል። ድርጅቶቹ ግን ሌባ አይሸጡም፤ ማን ፍሬም ያደርገዋል?

ወደ ጥምቀቱ ልምጣ። እሱ እንኳ እውነተኛ መዝገብ ነው። የእንግሊዝ ደብሮች ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግቡ የታዘዙት በ1538 ነው፤ መንግሥት ራሱ ልደት መመዝገብ የጀመረው ግን በ1837 ነው። ስለዚህ ለ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰው «የልደት ሰርተፊኬት እናመጣለን» የሚላችሁ ካለ እዚያው ላይ ስልኩን ዝጉት። ሴትዮዋ አጠገቤ ተቀምጠው የመዝገቡን ፎቶ ራሳችን ከፈትነው። መሬት የገዛው ሰው ነው የተባለው ሕፃን የተጠመቀው ኖቬምበር 12 ቀን 1731 ነው። ወደ ቀብሩ ገጽ ስንሄድ ያው ስም፣ ያው የአባት ስም፦ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1731 ተቀበረ ይላል። የተቀበረ ልጅ እንዴት አድጎ ሜሪላንድ መሬት ይገዛል?

ለድርጅቱ ጻፍኩላቸው። መልሳቸው በሰዓቱ መጣ። ፌብሩዋሪ ከኖቬምበር ይቀድማል፣ ሰው ደግሞ ከመጠመቁ በፊት አይቀበርም፣ የተቀበረው ሌላ ልጅ ነው አሉ። እውነት ለመናገር ለአፍታ አሳምነውኝ ነበር። ሴትዮዋ ግን ሳቁ። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ዓመቱ የሚለወጠው ማርች 25 ነበር እንጂ ጃንዋሪ 1 አልነበረም። ስለዚህ ፌብሩዋሪ 1731 የመጣው ከኖቬምበር 1731 በኋላ ነው፤ በዛሬው አቆጣጠር 1732 መሆኑ ነው። ዓመቱ ከጃንዋሪ 1 እንዲጀምር የተደረገው በ1752 ነው፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይም ከ2 ወደ 14 ተዘሎ 11 ቀን ተቆርጧል። ነሐሴ ከመስከረም በኋላ ለሚመጣብን ለእኛ ይህ ምኑ ይከብዳል! በሁለት ካላንደር ስኖር ዕድሜዬን ጨርሼ ይህ ሳይገባኝ መቅረቱ አናደደኝ። እነሱ ደግሞ ባለሙያ ነን ብለው ብር የተቀበሉ ናቸው።

በአጭሩ የሸጡልን ሞክሼ ነው። ያውም ሦስት ወር ያልሞላው ሞክሼ። የአማቴ የቤተሰብ ስም እዚህ አገር አበበ ከበደ እንደማለት ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መንደር ወንዶቹን ጆን፣ ዊልያም፣ ቶማስ እያለ ነው የሚያጠምቀው። ልጅ ሲሞት ስሙን ለሚቀጥለው ልጅ መስጠትም የተለመደ ነበር። እኛም ይህን አስበን በዚያ ደብር ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት አየን፤ በዚያ ስም የተጠመቀ ታናሽ አላገኘንም። ድርጅቱ ያደረገው ኢንተርኔት ላይ ስሙን ጽፎ ዕድሜው የሚቀራረበውን መጀመሪያ የወጣለትን ሰው ማንሳት ብቻ ነው። መሬት የገዛውን ሰው ከዴቨን ጋር የሚያገናኝ አንድ መስመር እንኳ መጽሐፉ ውስጥ የለም።

ዓርማውም ያው ነው። ለንደን ውስጥ ከ1484 ጀምሮ ያለው የዓርማ መዝገብ ተቋም፣ ኮሌጅ ኦፍ አርምስ፣ ዓርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰውና በወንድ መስመር ለሚወርዱት ዘሮቹ ነው፤ ለቤተሰብ ስም የሚሰጥ ዓርማ የለም። የእኛን ሥዕል በኋላ በሃያ ዶላር ኩባያ ላይ ታትሞ ሲሸጥ አየሁት።

የመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ደግሞ «ያልተወረሰ ንብረት ሊኖር ስለሚችል» በ500 ዶላር ምርመራ እንድናስጀምር ይጋብዛል። ይህ ያረጀ ማጭበርበሪያ ነው። ኦስካር ሃርትዜል የሚባል ሰው በ1596 የሞተውን የባሕር አዛዥ የፍራንሲስ ድሬክን ሀብት አስወርሳችኋለሁ እያለ ከአሜሪካ ገበሬዎች ለዓመታት ገንዘብ ሰብስቧል። በ1933 አዮዋ ውስጥ ተፈርዶበታል። ቅሬታ ሳበዛባቸው ደግሞ በ300 ዶላር ዲኤንኤ እንመርምር አሉ። ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ያለ አንድ አያት በአማካይ ከደማችሁ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ የመንደሩን ስም ሊነግራችሁ አይችልም።

ብትከፍሉም ባትከፍሉም ፍለጋው የሚጀመረው ከአሜሪካ በኩል ነው። አናፖሊስ ያለው የሜሪላንድ ቤተ መዛግብት የመሬት ውል፣ ኑዛዜና የፍርድ ቤት መዝገብ አለው። ሪችመንድ ያለው የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍትም እንዲሁ። ለመርከብ የሚከፍሉት አጥተው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ለማገልገል የፈረሙ ሰዎች ሲጠፉ ጌቶቻቸው ጋዜጣ ላይ ያሳውጁ ነበር፤ ቁመቱ፣ ካፖርቱ፣ የፊቱ ጠባሳ ሁሉ ይጻፋል። ዩታ ያለው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድረው ፋሚሊሰርች የሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽም በነጻ ነው። ሰው ከቀጠራችሁ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ ሰውና ያ ሰው አንድ መሆናቸውን የሚያሳየው ወረቀት የቱ ነው፣ ፎቶውስ የት አለ? «አላገኘሁም» ብሎ የሚጽፍ አጥኚ ክፍያው ይገባዋል።

ብሬን አላስመለስኩም። በክሬዲት ካርድ ከፍዬ ቢሆን ሂሳቡ የተጻፈበት ደብዳቤ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ መከራከር እችል ነበር። በዜል የላክሁት ግን ራሴ ፈቅጄ የላክሁት ነው ተብሎ ቀረ። አሥር በመቶው ቅናሽ ለምን እንደነበረ አሁን ገባኝ።

አማቴ ፍሬሙን አውርደው ጋራዥ ውስጥ አስቀምጠውታል። ትናንት ማታ ደግሞ የድርጅቱ ማስታወቂያ ፌስቡኬ ላይ መጣ። አሁን የኢትዮጵያውያንንም የዘር ሐረግ እንሠራለን ይላል። ከነዓርማው።