ልጄን «አለሁ!» እንዲል ላስቻሉት የሐዋሳ አሰልጣኝ የቀረበ ምስጋና

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ካሰብኩ ወራት አልፈዋል። ዛሬ እንድጽፈው ያስገደደኝ ባለፈው እሁድ ከሜዳ ስንመለስ ልጄ የጨዋታውን ታሪክ ባጃጅ ውስጥ ከገባንበት ጀምሮ የቤታችን በር እስክንደርስ ድረስ፣ ቃሉ እየተያዘበትም ቢሆን፣ ሳይተወው ሲተርክልኝ መስማቴ ነው። ሹፌሩ ሒሳቡን ከተቀበለ በኋላ እንኳ ሞተሩን አጥፍቶ የታሪኩን መጨረሻ ጠበቀ። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ይህ ልጅ ለማያውቀው ሰው ስሙን አይናገርም ነበር።

ልጄ 11 ዓመቱ ሲሆን መንተባተብ የጀመረው በ4 ዓመቱ ነው። በዚያ ዕድሜ የሚጀምራቸው ብዙ ልጆች እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል ስለተባልኩ በተስፋ ጠበቅሁ፤ እሱን ግን አልተወውም። ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ዝም አለ። የንባብ ተራው ሊደርስ ሲል ሆዱን ይዞ ከክፍል ለመውጣት በምልክት ይጠይቃል፤ ሱቅ ስልከው የምፈልገውን በወረቀት እንድጽፍለት ይለምነኛል፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል። ይህ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ታላቅ ወንድሜም እንዲሁ ነበር። ልጆች ሳለን አባታችን «ቶሎ በል፣ ተናገር» እያለ ይቆጣው ነበር። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲህ ሲያደርግ ልጁን የሚረዳው ይመስለው ነበር። ወንድሜ 6ኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋረጠ። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖም ስልክ ሲደወልለት የምታነሣለት ባለቤቱ ናት። ልጄ ዝም ባለ ቁጥር በዓይኔ ላይ የሚመጣብኝ ያ ወንድሜ የማያነሣው ስልክ ነበር።

ኳስ ስለሚወድ ስልጠና ላስገባው ወሰንኩ። የመጀመሪያው ቦታ የት እንደሆነ አልናገርም። የ4 ወር ክፍያ በቅድሚያ ከፈልኩ፤ ማልያና ታኬታ ገዛሁ፤ ልጄ ግን 4ቱንም ወር ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌሎች ሲጫወቱ አየ። አሰልጣኙ የሚያያቸው ጎል የሚያገቡለትን ልጆች ብቻ ነበር። አንድ ቀን ልጄ አጠገቤ ቆሞ እየሰማ «ሜዳ ላይ አፍ የሌለው ልጅ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። ሁለተኛው ቦታ ከዚህም የባሰ ነበር፤ ልጆቹ አነጋገሩን እያስመሰሉ ሲያሾፉበት አሰልጣኙ አብሯቸው ይሥቅ ነበር። ልጄን እያዋረዱልኝ ገንዘብ ስከፍል መቆየቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በመጨረሻ ልጄ ታኬታውን በፌስታል ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተተው፤ ስለ ኳስም አላነሣም።

ወደ ጋሼ የመራችኝ ጎረቤቴ ናት። ጋሼ የምላቸው ልጆቹ ሁሉ በዚህ ስለሚጠሯቸው ነው፤ ስማቸው በጽሑፍ እንዳይወጣም ራሳቸው ጠይቀውኛል። ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ሲሆኑ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ ባለ የሰፈር ሜዳ ወደ 30 የሚጠጉ ልጆችን ያሰለጥናሉ። በመጀመሪያው ቀን ስለ ልጄ ችግር ላስረዳቸው ስጀምር በእርጋታ አስቆሙኝና «ልጄ፣ እሱ ራሱ ይንገረኝ፤ እኛ አንቸኩልም» አሉኝ። ከዚያም ከፊቱ ቁጢጥ ብለው ስሙን ጠየቁት።

የስሙ የመጀመሪያ ፊደል እንዴት እንደምትይዘው አውቃለሁ። ዓይኑን ጨፈነ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። እንደ ልማዴ ስሙን ልናገርለት አፌን ስከፍት ጋሼ በዓይናቸው ከለከሉኝ። ሰዓታቸውን አላዩም፤ ቃሉን አልጨረሱለትም፤ «አይዞህ» እንኳ አላሉትም። ሌላ ጉዳይ እንደሌለው ሰው ፊቱን በፈገግታ እያዩ ዝም ብለው ጠበቁት። ስሙን ሲጨርስ እጁን ጨበጡና የራሳቸውን ስም ነገሩት። ሌላውን ሁሉ ብረሳ ያችን ደቂቃ አልረሳትም፤ ምክንያቱም 5 ዓመት ሙሉ ልጄን ስሙን አስጨርሼው እንደማላውቅ ያን ጊዜ ገባኝ። እየቸኮልኩ የምናገርለት እኔ እናቱ ነበርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት በረኛ አደረጉት። ኳስ ባላውቅም በረኛ እየጮኸ ተከላካዮቹን መምራት እንዳለበት አውቃለሁና ደነገጥኩ፤ ሄጄም ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሜዳውን ሙሉ ከፊቱ የሚያየው በረኛው ብቻ ነው፤ ከፊቱ ያሉት ጀርባቸውን አያዩም፤ ስለዚህ እሱን መስማት ግዳቸው ነው። ልጅሽን መስማት ግድ የሚሆንበትን ቦታ ነው የፈለግኩለት» አሉኝ። ሌሎች በረኞች ኳስ ከላይ ሲመጣ «የኔ!» ይላሉ፤ የልጄ አፍ ግን «የ» ላይ ይያዛል። ጋሼ የትኛው ቃል እንደሚቀለው ጠየቁት። አሰብ አድርጎ «አለሁ» አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አለሁ!» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ኳሱን ለበረኛው ልቀቁለት ተብሎ ለልጆቹ በሙሉ ተነገረ፤ በልምምድ ላይም መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ ከፍ አድርጎ እንዲለው አደረጉት። ስለ አቋቋሙና ቋሚውን ስለሚሸፍንበት መንገድ ብዙ ጊዜ አስረድተውኛል፤ እኔ ግን ስላልገባኝ እዚህ አልጽፈውም።

የመጀመሪያ ግጥሚያው ቀን ከሜዳው ዳር ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር። ተጋጣሚዎቹ የማዕዘን ምት አገኙ፤ ኳሱ ከፍ ብሎ መጣ፤ ከልጆቹ መሐል ደግሞ «አለሁ!» የሚል ጠንካራ ድምፅ ወጣ። የማን ልጅ ነው ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ተከላካዮቹ ጎንበስ ሲሉ ልጄ ከላያቸው ላይ ኳሱን በሁለት እጁ ይዞ ወረደ። የልጄን ድምፅ ለይቼ ባለማወቄ አለቀስኩ።

በዚያው ጨዋታ መጨረሻ ላይ ቀላል ኳስ ከእጁ አምልጦት 2 ለ 1 ተሸነፉ። ከዚህ በፊት ካየሁት የተነሣ አሁን ይሰድቡታል ብዬ ተሳቀቅሁ። የጋሼ ደንብ ግን ከጨዋታ በኋላ ሁሉም ክብ ሠርተው ተቀምጠው እያንዳንዱ ያየውን እንዲናገር ነው፤ ሌላውን መውቀስ አይፈቀድም። ተራው ሲደርስ ልጄ «ኳ… ኳሱ» ብሎ ተያዘ። ቃሉ እስኪወጣ ድረስ አንድም ልጅ አልሣቀ፤ አንድም ልጅ ቃሉን ሊጨርስለት አልሞከረም። 30 ልጆች እንደ አሰልጣኛቸው ዝም ብለው ጠበቁት። «ኳሱን ሳልይዘው ወደ ፊት አየሁ» ብሎ ጥፋቱን ራሱ ተናገረ። ይህን ትዕግሥት ልጆቹ ከቤታቸው እንዳላመጡት አውቃለሁ፤ የተማሩት ከእሳቸው ነው።

ከዚያ ጋሼ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. የሆነውን ነገሯቸው። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በኔልስፕሩይት ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ሲጫወቱ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። ዘሪሁን ታደለ ከተቀያሪ ወንበር ተነሥቶ ጓንቱን አጠለቀ። 10 ሰው ቀርተው፣ ጎልም ተቆጥሮባቸው፣ የከተማችን ልጅ አዳነ ግርማ አስቆጥሮ 1 ለ 1 ተለያዩ። ጥምቀት ካለፈ ገና ሁለተኛው ቀን ስለነበር ሐዋሳ ያን ምሽት እንዴት እንደጮኸች እኔም አስታውሳለሁ። ልጆቹ ስለ አዳነ ጎል ሲጠይቁ ልጄ ግን የጠየቀው ስለ ዘሪሁን ነበር፤ «ሲገባ ፈርቶ ነበር?» አለ። ጋሼም «እኔ እሱን ብሆን እፈራ ነበር፤ ግን እገባ ነበር» ብለው መለሱለት።

ማንም እንዳይሳሳት፣ የልጄ መንተባተብ አልጠፋም፤ ጋሼም ይጠፋል ብለው አንድ ቀን ቃል ገብተውልኝ አያውቁም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ዘንድሮ የክፍሉ መምህርት ንባብ ላይ እጁን እንደሚያወጣ ነገረችኝ። ሱቅ ያለ ወረቀት ይሄዳል። ታኬታውን ራሱ አጥቦ ፀሐይ ላይ ያሰጣል፤ አዲስ ልጅ ወደ ሜዳ ሲመጣ መጀመሪያ ሄዶ የሚጨብጠውም እሱ ነው፤ ልክ ጋሼ እንደጨበጡት።

በፋሲካ ሰሞን ደግሞ ሳይጠይቀኝ ስልኬን ወስዶ ለአጎቱ ደወለ። እንደተለመደው ባለቤቱ አነሣች፤ ልጄ አጎቱን እንድትሰጠው ጠየቃት። ወንድሜ ስልኩን ተቀበለ። እኔ ጓዳ ሆኜ የምሰማው የልጄን ድምፅና በመካከሉ ያለውን ረጅም ዝምታ ነበር። አንድ ጊዜ ዝምታው ሲበዛ ልጄ «አጎቴ፣ እኔ አልቸኩልም» አለው። 20 ደቂቃ ያህል አወሩ። አሁን ወንድሜ እሁድ ማታ የጨዋታውን ውጤት ለመጠየቅ ራሱ ይደውላል።

በሐዋሳ የምትኖሩ ወላጆች፣ በተለይ ልጃችሁ ዓይን አፋር የሆነባችሁ፣ ሌላ ቦታ ተገፍቶ የተመለሰባችሁ፣ «አይችልም» የተባለባችሁ፣ እባካችሁ ወደ እኚህ ሰው ውሰዱት። ጎበዝ ተጫዋች የሆነ ልጅ ያላችሁም ውሰዱት፤ ጎበዙም እዚያ ደካማውን መጠበቅ ይማራል። ደግሜ እላለሁ፣ ውሰዱት። የሚጠየቀው ለኳስና ለመረብ የሚሆን ትንሽ መዋጮ ነው፤ የሌለውን አይጠይቁም፤ ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለም በልጆቹ ፊት አይነሣም።

ስልጠናው ቅዳሜና እሁድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነው። ቦታውን ለማወቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የመጀመሪያ ቀን አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ልጃችሁ ያደገበት ታኬታ ወይም የበረኛ ጓንት ቤታችሁ ካለ አትጣሉት፤ በአሁኑ ጊዜ ሁለት በረኞች አንድ ጓንት እየተቀያየሩ ነው የሚለማመዱት። ለትንንሾቹ የሚሆን ቁጥር 4 ኳስም ያስፈልጋቸዋል።

ጋሼ፣ ይህን ሲያነቡልዎት እንደማይወዱት አውቃለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ልጄን ስሙን እስኪጨርስ ስለጠበቁልኝ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።