ዱባይ ላይ ነዳጅ የሚያፈስ አውሮፕላን ተከራየሁ

ከኤርባስ ኤ320 ኮክፒት (የአብራሪዎች ክፍል) ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ሲሙሌተር፣ ማለትም መሬት ላይ ያለ የበረራ ማስመሰያ፣ ያለው ቤት ነው፤ ሰዓቱ 600 ድርሃም። አብዛኛው ደንበኛ የሚገዛው ተነስቶ ቡርጅ ኸሊፋን ዞሮ ማረፉን ነው። ለፎቶ ያምራል፣ ለብሩ ግን አይመከርም።

እኔ ድሮ ቦሌ ለአውሮፕላን ነዳጅ እቀዳ ስለነበር ስደውል «የሚያፈስ ስጡኝ» አልኳቸው። አሰልጣኙ ጡረታ የወጣ ካፒቴን ነው፤ ሳቀና እሺ አለ።

ባሕር ላይ እንዳለን የቀኝ ክንፍ ነዳጅ ከግራው ማነስ ጀመረ። ሁለቱን ወገን የሚያገናኘው ክሮስፊድ ቫልቭ እጅ ይጠራል፤ ካፒቴኑ ግን «መጀመሪያ ደምር» አለ። ታንክ ውስጥ የቀረውና ሞተሮቹ የበሉት ተደምሮ ስንነሳ የጫንነውን ካልሞላ፣ የጎደለው ወደ ውጭ እየሄደ ነው። ያኔ ቫልቩን መክፈት የተሸነቆረ ሮቶ ላይ የጎረቤትን ውኃ መልቀቅ ነው።

ከቶሮንቶ ወደ ሊዝበን 306 ሰው ይዞ ይበር የነበረው የኤር ትራንዛት ኤ330 የገጠመውም ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 2001 በቀኝ ሞተሩ ላይ የሃይድሮሊክ ቱቦ የነዳጁን ቱቦ እየፈተገ ቀደደው። ክሮስፊዱ ተከፈተ፤ የግራውም ነዳጅ በዚያው ፈሰሰ። ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተው ለ19 ደቂቃ ያህል ተንሳፍፎ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ያሉት አዞረስ ደሴቶች ላይ አረፈ፤ የሞተ የለም።

እኛ ደምረን ስለጎደለን ቀኙን ሞተር አጠፋን። መፍሰሱ ቆመ፤ ቫልቩን የከፈትነው ከዚያ በኋላ ነው። በአንድ ሞተር ሙስካት ገባን። (በኪሎ መደመሩ ትንሽ አስቸገረኝ፤ እኛ ቀጂዎች የለመድነው ሊትር ነው።)

የማልወድላቸው፦ ሰዓቱ እንዳያልቅ ብለው ነዳጁን እንደ ቧንቧ ያፈሱታል። እውነተኛው ነገር አሳሳች የሚሆነው ቀስ ብሎ ስለሚጎድል ነው፤ እዚያ ቤት ግን ዕውር እንኳ ያየዋል። ወንበሩ አይንቀሳቀስም። ከክፍያው ሰዓት ላይ ደግሞ የማስታወቂያ ቪዲዮ ያሳዩሃል፤ አልፈልግም በል።

ከሄዳችሁ ጡረታ የወጣውን ካፒቴን ጠይቁ፤ ወጣቶቹ ማሳረፍ ብቻ ነው የሚያስተምሩት። ወረቀትና እስክሪብቶም ያዙ፣ እዚያ አይሰጡም።