ረቡዕ ማታ፦ አዳራሽ ወይስ ሳሎን?

ጅማ ውስጥ በሳምንቱ አጋማሽ መጸለይና ቃሉን ማሰላሰል ለሚፈልግ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ሌላው የሰፈር የቤት ኅብረት።

ለጸሎት አዳራሹን የሚያህል የለም። ከሥራ ደክሞት የመጣ ሰው እንኳ የሌሎቹ ድምፅ ያነሳዋል። ጥግ ይዘህ ብታለቅስ ማንም «ምን ሆንክ?» አይልህም። አንዳንድ ቀን የሚያስፈልገው ይሄ ነው። ሰው የማያውቅ አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም መጀመሪያ እዚያ ቢሄድ ይሻለዋል።

ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ግን እኔ ቤቱን እመርጣለሁ። አዳራሽ ውስጥ አንዱ ያስተምራል፣ ሌላው ይሰማል። ሳሎን ውስጥ ክብ ተሠርቶ ይቀመጣል። አንዱ ምዕራፉን በአማርኛ ያነባል፣ ጎረቤቱ በአፋን ኦሮሞ ይደግመዋል። ቡና የሚያፈሉት እማማ «ልጄ፣ እስቲ እሱን ቁጥር መልሰህ አንብበው» ይላሉ። ከዚያ ወሬው ወደ ኑሮ ይገባል፤ ማን እንደታመመ፣ ማን ሥራ እንዳጣ ይታወቃል። የሐዋርያት ሥራ 12፥12 ላይም ጴጥሮስ ታስሮ ሳለ ብዙዎች ተሰብስበው ይጸልዩ የነበረው በማርቆስ እናት በማርያም ቤት ነው። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉም ምእመናን የተሰባሰቡት በየቤቱ ነበር።

ቤቱ ችግር አያጣም። መሪው ካልጠነከረ የጸሎት ርዕሱ ሐሜት ይሆናል። ሰዓትም አይከበርም።

መንገዱስ? ክረምት ላይ የጅማ ዝናብ ማታ ከጀመረ ባጃጅ ማግኘት ፈተና ነው። ያኔ በእግር የሚደረስበት ቤት ይሻላል፤ በበጋ አዳራሹ። ሕፃን ልጅ ያላት እናት ግን ዓመቱን ሙሉ ቤቱን ብትመርጥ አልፈርድባትም።