ለልጄ ኮምፒውተር የገጣጠመልንን ወጣት አመስግኑልኝ

መርካቶ ውስጥ ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን የሚጠግንና የሚገጣጥም አንድ ወጣት አለ። ይህን የምጽፈው እሱን ለማመስገን ነው። ስሙንና ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄው እሰጣችኋለሁ።

ልጄ አርክቴክቸር ይማራል። ሬቪትን የመሰለ ከባድ የሕንፃ ዲዛይን ፕሮግራም የሚችል አዲስ ላፕቶፕ ዋጋው የሚቀመስ አልሆነም። ይህ ወጣት ግን ያገለገለ ወርክስቴሽን አሳየን፤ ኤችፒ ዜድ 440 ይባላል። ለኢንጂነሮችና ለዲዛይን ቢሮዎች ተብሎ የተሠራ ጠንካራ ማሽን ነው። ውጭ አገር ያሉ ድርጅቶች በአዲስ ሲተኩት በርካሽ ይለቀቃል።

ልቤን የነካው አመካከሩ ነው። ሌላ ሱቅ ውስጥ 14 ኮር ያለውን ዚዮን ፕሮሰሰር (ፕሮሰሰር የኮምፒውተሩ አንጎል ነው፣ ኮር ደግሞ በውስጡ ለየብቻው የሚሠራ ክፍል) እንድንገዛ አጥብቀው ይገፋፉን ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ ልጄን የሚሠራበትን ፕሮግራም በዝርዝር ጠየቀው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እናቴ፣ ለእሱ ሥራ የኮር ብዛት ብቻውን አይጠቅምም፤ ብርዎን አያባክኑ» አለኝ። ሞዴል ሲሠራ አብዛኛው ጫና በአንድ ኮር ላይ ስለሚወድቅ፣ የእያንዳንዱ ኮር ፍጥነት ይበልጣል። ብዙ ኮር የሚጠቅመው በፕሮሰሰር ሬንደር ለሚያደርግ፣ ማለትም ሞዴሉን ወደ ምስል ለሚቀይር ሰው ነው። ስለዚህ 6 ኮር ያለውን፣ 3.5 ጊጋኸርዝ የሚሮጠውን ኢ5-1650 ቪ3 ገጠመልን። ውዱን ሸጦልኝ ቢሆን ኖሮ በምን አውቅ ነበር?

ራሙንም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) እንዲሁ አስረዳን። የሰርቨር ራም ተራ ዴስክቶፕ ላይ ስለማይሠራ ፈላጊው ጥቂት ነው፤ ይህ ማሽን ግን የሚቀበለው እሱን ነው። ባለ 8 ጊጋ አራት ፍሬ አደረገልን። አራቱ በየራሳቸው መስመር ሲገቡ ከአንድ ባለ 32 የተሻለ ይፈጥናሉ አለን። ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ያገለገለ ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድ ጨመረበት። አቧራውን ጠርጎ፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ማስተላለፊያ ፔስትና የማዘርቦርዱን ባትሪ ቀየረ። ራሙን ሌሊቱን ሙሉ ሲፈትሸው አደረ። ጠዋት ስንሄድ ውጤቱን ስክሪኑ ላይ አሳየን፤ ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራም ጭምር።

ደግሞ ጉድለቱን አልደበቀም። ማዘርቦርዱና ፓወር ሰፕላዩ የኤችፒ የራሱ ቅርጽ ስለሆኑ ቢበላሹ ተራውን ገዝቶ መተካት አይቻልም። ዊንዶውስ 11 ይህን ፕሮሰሰር በይፋ አይደግፍም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ይህን ሁሉ የነገረን ብር ሳይቀበል በፊት ነው። «አውቀው ይግዙ» ነው ያለኝ። እንዲህ ያለ ነጋዴ ሲገኝ ዝም ማለት ነውር መሰለኝ።

ሁሉም ተደምሮ ለአዲሱ ላፕቶፕ ከተጠየቅነው ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ከተረፈን ላይ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) እንድንገዛ የመከረንም እሱ ነው። ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋ በባትሪው ይቆያል፣ ዴስክቶፕ ግን ወዲያው ድርግም ይላል፤ ያልተቀመጠ ሥራም አብሮ ይሄዳል። ልጄ አሁን ፕሮጀክቱን እቤቱ ቁጭ ብሎ ይሠራል። እግዚአብሔር እጁን ይባርክለት።

ወደ እሱ የምትሄዱ የምትጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች ስም ጽፋችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ቅዳሜ ሰው ይበዛበታል፣ በሥራ ቀን ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል።